የመንገድ ጥያቄ፦ ኡቡድን በሩጫ አትዩት

ባለፈው እትም ስለ ባሊ ሁለት መስመር ጣል አድርጌ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከገባልኝ ጥያቄ ግማሹ ስለ አንዲት ከተማ ነው፤ ስለ ኡቡድ። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ ለእሷ ሰጠሁት። ለማታውቋት ባጭሩ፦ ኡቡድ በኢንዶኔዥያዋ የባሊ ደሴት ከአየር ማረፊያው 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ መሃል ገባ ብላ ነው ያለችው። ባሕር የላትም። ስሟ "ኡባድ" ከሚል ቃል የመጣ ነው ይባላል፤ መድኃኒት ማለት ነው። ሀብቷ ሥዕል፣ ውዝዋዜ፣ ቤተ መቅደስና የሩዝ እርሻ ነው። እኔ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። የመጀመሪያውን በሩጫ አበላሽቼዋለሁ፣ ምክሬም ከዚያ የመጣ ነው። ሰዓት ስጠራ በእኛ አቆጣጠር ነው።

"ሰላም እህቴ። ጥር ላይ ተጋብተን ለጫጉላ ባሊ ልንሄድ ነው። ስድስት ቀን አለን። አምስቱን ባሕሩ ዳርቻ፣ አንዱን ኡቡድ ብለናል። ሾፌሩ የላከልን ፕሮግራም ላይ ፏፏቴ፣ የጦጣ ጫካ፣ የሩዝ እርሻ፣ ሁለት ቤተ መቅደስ፣ ዥዋዥዌ፣ የቡና ቅምሻና የብር ሠሪዎች መንደር አለ። ይበቃል?" ሙሽሮቹ፣ ከገርጂ

እንኳን ደስ አላችሁ። ይበቃል ወይ ላላችሁኝ፣ ለሦስት ቀን ይተርፋል። ያን ሁሉ በአንድ ቀን እናያለን ካላችሁ የምታዩት የመኪናውን መስኮት ነው። የኡቡድ መንገድ ጠባብ ነው፣ ከቀትር በኋላ ዋናው ጎዳና ላይ መኪናው ቆሞ እግረኛው ነው የሚያልፈው። ከባሕሩ ዳርቻ ተነስታችሁ እስክትደርሱ ብቻ አንድ ሰዓት ተኩል፣ አንዳንዴም ሁለት ሰዓት ይበላችኋል። እኔም እንደናንተው ነበርኩ። በመጀመሪያው ጉዞዬ በአንድ ቀን ስምንት ቦታ "አየሁ"፤ ማታ ባለቤቴ ፎቶዎቹን እየገለበጠ "ይኼ የቱ ነው?" ሲለኝ ሁለቱን ቤተ መቅደሶች መለየት አቃተኝ።

ስለዚህ ከስድስቱ ቀን ሁለት ሌሊት ኡቡድ እደሩ። ዋናው ነገር ማደሩ ነው። የቀን ጎብኚው ረፋድ ላይ በአውቶቡስ ይመጣል፣ አመሻሽ ላይ ይመለሳል። ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ያለችው ከተማ ሌላ ናት።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ውጡና ዝም ብላችሁ በእግር ሂዱ። በየደጁ አንዲት ሴት መዳፍ የምታህል፣ ከዘንባባ ቅጠል የተሠራች ሰሃን ይዛ ብቅ ትላለች። ውስጧ አበባ አለ፣ ቆንጠር ያለ ሩዝ አለ፣ አንዳንዴ ብስኩት ወይ ከረሜላ፣ ሲጋራም ሳይቀር ይኖራል። ደፉ ላይ ታስቀምጣታለች፣ እጣን ትለኩሳለች፣ በአበባ ጫፍ ውሃ ረጨት ረጨት ታደርግና ጭሱን በእጇ ወደ ላይ ሸኘት ታደርገዋለች። ቻናንግ ሳሪ ይባላል። ከአንድ ሁለት ደቂቃ አያልፍም። ዞር ስትል ዶሮ ወይ ውሻ መጥቶ ሩዙን ይለቅመዋል፤ ማንም አይቆጣም፤ ስጦታው ከቀረበ በኋላ የሚሆነው ግድ አይሰጣቸውም። እኔ ያን ጠዋት ትዝ ያለኝ የእናቴ ረከቦት ነው። እጣን ለኛ ሰው እንግዳ አይደለማ። እንዳትረግጧት ብቻ ተጠንቀቁ፣ የእግረኛ መንገድ መሃል ላይ ተቀምጣ ትጠብቃችኋለች።

ከዚያ በእግራችሁ ወደ ካምፑሃን ውረዱ። ሁለት ወንዞች የሚገናኙበት ቦታ ነው፣ ስሙም ይህንኑ ማለት ነው። ከታች ጉኑንግ ለባህ የሚባል ቤተ መቅደስ አለ። ከጎኑ ተነስቶ በኮረብታው ጀርባ ላይ የሚሄድ የእግር መንገድ አለ፤ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ግራና ቀኙ ረጅም ሣር ነው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በኋላ አትጀምሩት። ጥላ የለም፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል።

ጥር ላይ እዚያ የዝናብ ወቅት ነው፤ ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው የሚወርደው። ጥሩ ነው፣ ሙዚየም ግቡ። ከተማ መሃል ያለው ፑሪ ሉኪሳን እ.ኤ.አ. በ1956 የተከፈተ ነው። ታሪኩን ሳያውቁ ሥዕሉን ማየት ይደብራል፣ ስለዚህ ትንሽ ልንገራችሁ። ድሮ የባሊ ሠዓሊ የሚሥለው ለቤተ መቅደስና ለመሣፍንት ነበር፤ አማልክት፣ የጥንት ተረት፣ ጦርነት። እ.ኤ.አ. በ1927 ዋልተር ስፒስ የሚባል ጀርመናዊ ሠዓሊ ኡቡድ መጥቶ ተቀመጠ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ሩዶልፍ ቦኔት የሚባል ሆላንዳዊ ደሴቲቱ ደረሰ። በ1936 ከኡቡድ መስፍን ከቾኮርዳ ግዴ አጉንግ ሱካዋቲና ከአገሬው ባለሙያዎች ጋር ሆነው ፒታ ማሃ የሚባል የሠዓልያን ማኅበር አቋቋሙ። በዚያ ዘመን ነው ገበያው፣ አጨዳው፣ ውሃ የምትቀዳው ሴት ሥዕል ውስጥ የገባችው። ሌምፓድ የሚባለውን የባሊ ሠዓሊ ሥራ ፈልጋችሁ እዩ። በአብዛኛው በነጭ ወረቀት ላይ በቀጭን ጥቁር መስመር ነበር የሚሠራው፣ አንዲት ጭረት ትርፍ የላትም። ያው ሰው ነው መንገዱ ላይ ያለውን የሳራስዋቲ ቤተ መቅደስ የነደፈው፤ ከፊቱ የሎተስ አበባ የሞላበት ኩሬ ያለውን። ዕድሜው ከመቶ አልፎ እ.ኤ.አ. በ1978 ነው ያረፈው።

ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የኡቡድ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ውዝዋዜ አለ። ቲኬቱ 100 ሺህ ሩፒያ ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ነው (1 ዶላር ከ16 ሺህ ሩፒያ በላይ ይመነዘራል፣ በዜሮው ብዛት አትደንግጡ)። የወንበር ቁጥር የለም፣ ስለዚህ ቀደም ብላችሁ ሂዱና ከፊት ተቀመጡ። ከፊት የምላችሁ በምክንያት ነው፤ ሌጎንግ የምትጨፍረውን ልጅ ዓይን ማየት አለባችሁ። እኛ በትከሻ የምንለውን እነሱ በዓይን ይሉታል። ጋሜላን የሚሉት የነሐስ መሣሪያ ባንዳቸው ሲመታ ዓይኗ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ ይወረወራል፣ አንገቷ በቦታው ተንሸራትቶ ይመለሳል፣ ፊቷ ግን ቅንጣት አይነቃነቅም። እኔ ሆቴል ገብቼ መስታወት ፊት ሞከርኩት። ለማንም አላሳይም።

በሁለተኛው ቀን መኪና ያዙና ወደ ታምፓክሲሪንግ ውጡ። እዚያ ያለውን ጉኑንግ ካዊን በጠዋት፣ ገና እንደተከፈተ እዩት። ወደ ሦስት መቶ የሚጠጋ ደረጃ በሩዝ ማሳ መሃል ትወርዳላችሁ፣ ከታች የፓከሪሳን ወንዝ አለ፣ በወንዙ ወዲህና ወዲያ ገደሉ ላይ ከአለት የተፈለፈሉ ሰባት ሜትር ገደማ ቁመት ያላቸው መታሰቢያዎች ቆመዋል። በአንድ ወገን አምስት፣ ማዶ አራት፣ ራቅ ብሎ አንድ፤ አሥር ናቸው። የ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሥራ ናቸው። ላሊበላን ያየ ሰው እዚያ ሲቆም ሆዱ ነገር ይለዋል። ልዩነቱ የእኛው ውስጡ ተፈልፍሎ ይገባበታል፣ ይቀደስበታል፤ የእነሱ ፊቱ ብቻ ነው የተቀረጸው፣ በር ይመስላል እንጂ አይከፈትም። እኔና ባለቤቴ ወንዙ ዳር ድንጋይ ላይ አንድ ሰዓት ተቀመጥን። ያለ እኛ የነበሩት ሁለት ሰዎችና አንድ ጠራጊ ናቸው።

ስትመለሱ ተጋላላንግ መንገዳችሁ ላይ ነው፣ የሩዝ እርከኑን እዩት። ዛሬ ዙሪያው ካፌና ዥዋዥዌ ብቻ ሆኗል፣ የምታውቁት ፎቶ የሚነሳው እዚያ ነው። ዥዋዥዌው ለፎቶ ነው፣ ከፈለጋችሁ ተነሱ፤ ጫጉላ ነው፣ ማን ይከለክላችኋል። ግን እርከኑ እንዴት እንደሚሠራ ጠይቁ። ከአንድ ምንጭ የሚያጠጡ ገበሬዎች ሱባክ የሚባል ማኅበር አላቸው። ውሃው የሚከፈለው በስምምነት ነው፣ የራሱ የውሃ ቤተ መቅደስም አለው። መቼ እንደሚተከልና መቼ መሬቱ እንደሚያርፍ አብረው ይወስናሉ፤ ሁሉም አንድ ላይ ሲያሳርፍ ተባዩ የሚበላው ያጣል። ዩኔስኮ ይህን ሥርዓት የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው፣ የኛን ኮንሶ በመዘገበ በዓመቱ። ሰፊና ጸጥ ያለ እርከን ካማራችሁ ከዚያ መዝገብ ውስጥ ያለው ጃቲሉዊ ነው፤ እሱ ግን ወደ ምዕራብ ራቅ ይላል፣ ራሱን የቻለ ግማሽ ቀን ይፈልጋል።

ፏፏቴውን፣ የብሩን መንደርና ሁለተኛውን ቤተ መቅደስ ከፕሮግራሙ ሰርዙት። ሾፌሩ ቅር ይለው ይሆናል፤ እቃ የምትገዙበት ቦታ ሲወስዳችሁ ኮሚሽን አለው።

"ልጄ፣ ልጆቼ ከሲልቨር ስፕሪንግ ይዘውኝ ሊሄዱ ነው። እኔ ተዋሕዶ ነኝ፣ ዕድሜዬ 67 ነው፣ ጉልበቴን ያመኛል። ልጄ 'ጠበል አለ፣ አብረን እንጠመቃለን' ትለኛለች። የእነሱን ቤተ መቅደስ ገብቶ ማየቱስ ኃጢአት አይሆንብኝም? ልብሱስ?" እማማ፣ ከሜሪላንድ

እማማ፣ ኃጢአቱን ለንስሐ አባትዎ ልተወውና የማውቀውን ልንገርዎ። ልጅዎ ያለችው ቲርታ እምፑል ነው። እ.ኤ.አ. በ962 ገደማ እንደተመሠረተ የሚነገርለት ምንጭ ነው፣ ከመሬት እየፈላ ወደ ገንዳ ይገባል፣ በተደረደሩ የድንጋይ አፎች ይወርዳል። ሰው ተሰልፎ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄደ ራሱን ያስነካል። ለእነሱ ጸሎት ነው፤ አስቀድመው ስጦታ አቅርበው፣ ተንበርክከው ጸልየው ነው የሚገቡት። ለሙታን ሥርዓት የተለዩ አፎችም ስላሉ በእነዚያ ሥር አይቆምም። እንግዳ መግባት ይችላል፣ ብዙም ይገባል። እኔ አልገባሁም። ወረፋው ውስጥ ከፊቴ የነበረች የውጭ አገር ልጅ ለፎቶ ሦስት ጊዜ እየተመላለሰች ስትጠመቅ፣ ከኋላዋ አንዲት አሮጊት እየተንቀጠቀጡ ሲጠብቁ አየሁና ልቤ ዞረ። እንጦጦ ጠበል ቦታ አንድ ሰው እንዲህ ቢያደርግ ምን እንደምንለው እርስዎ ያውቁታል። ለልጅዎ ይህን ይንገሯት። እርስዎ ጥላው ሥር ቁጭ ብለው ይዩ፣ ማየት ማንንም አያስቀይምም።

ልብሱ ለእርስዎ ቀላል ነው። ወገብ ላይ የሚታሰር ሳሮንግ የሚባል ሽርጥና መቀነት ግዴታ ነው፣ ለወንድም ለሴትም፤ በር ላይ ይሰጣል ወይም ይከራያል። ትከሻ ይሸፈናል። ነጠላዎን ይዘው ይሂዱ፣ ከሁሉም ያምራል። የወር አበባ ላይ ያለች ሴት እንደማትገባ በር ላይ ተጽፎ ያያሉ፤ ለኛ አዲስ ሕግ አይደለም፣ ለልጆቹ ግን አስቀድመው ይንገሯቸው።

ለጉልበትዎ ስል ጉኑንግ ካዊን ይተዉት፤ መውረዱ ይቻላል፣ መውጣቱ ነው ጉዱ። ሙዚየሙ፣ የሎተሱ ኩሬና የማታው ውዝዋዜ እንዲያ ያለ የደረጃ ብዛት የለባቸውም። ደግሞ ደስ የሚልዎ ነገር፦ ሰው ሁሉ "ኢቡ" ይልዎታል፣ እናት ማለት ነው፣ አባቱን ደግሞ "ፓክ" ይላሉ። በባዶ ስም ትልቅ ሰው አይጠራም።

"ጾም ላይ ነው የምሄደው። ምን እበላለሁ? አሳማውስ?" አዳማ። "እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ኢንዶኔዥያ ብዬ ተዝናንቼ ነበር፣ ባሊ ግን አሳማ ነው አሉኝ።" ጅዳ

ሁለታችሁንም አንድ ላይ ልመልስ፣ ጭንቀታችሁ አንድ ነው። ኢንዶኔዥያ አብዛኛው ሕዝቧ ሙስሊም ነው፣ ባሊ ግን አብዛኛው ሂንዱ ነው፣ አሳማም የድግሱ ንጉሥ ነው። ባቢ ጉሊንግ የሚባለው ሙሉ የተጠበሰ አሳማ ኡቡድ ውስጥ ሰው ተሰልፎ የሚበላው ነው። "ባቢ" የምትለዋን ቃል ያዙ፤ ምናሌ ላይ ካያችሁ እለፉ። "ሳያ ቲዳክ ማካን ባቢ" ማለት አሳማ አልበላም ነው። አያም ዶሮ፣ ሳፒ በሬ፣ ቤቤክ ዳክዬ፣ ኢካን ዓሣ ነው። ላዋር የሚባለውን የተከተፈ ቅልቅል ስትጠየቁ እምቢ በሉ፣ ብዙ ጊዜ አሳማ፣ አንዳንዴም ደም አለበት።

የጅዳው ወንድሜ፣ "ሀላል" ወይም "ዋሩንግ ሙስሊም" የሚል ጽሑፍ ፈልግ። ዋሩንግ ትንሽ ምግብ ቤት ማለት ነው። የፓዳንግ ምግብ ቤቶች ደግሞ ከሱማትራ የመጡ ሙስሊሞች ሙያ ናቸው፣ ሰሃኑን ደርድረው መስኮት ላይ ያሳዩሃል፣ ሬንዳንግ የሚሉት የሥጋ ምግባቸው የኛን ጥብስ ያስረሳል።

የአዳማው ጾመኛ፣ አንተማ ዓለምህን ነው። ኡቡድ በዓለም ላይ ያለ ሥጋ የማይበላ ቱሪስት ሁሉ የተሰበሰበባት ከተማ ናት። ግን ውድ ካፌ አያስፈልግህም። ቴምፔ አለ፣ ከአኩሪ አተር ተቦክቶ የሚሠራ፣ ተጠብሶ ሲመጣ ጥርስ ላይ ቀጭ ይላል። ጋዶ ጋዶ አለ፣ የተቀቀለ አትክልት በኦቾሎኒ ስጎ። እሱን ስታዝ ግን "ታንፓ ተሉር" በል፣ ያለ እንቁላል ማለት ነው፤ አለበለዚያ እንቁላሉ ከላይ ተሰንጥቆ ተቀምጦ ይመጣል። ዋናው ወጥመድ ትራሲ ነው። ከሽሪምፕ የሚሠራ ቅመም ነው፣ ሳምባል የሚሉት በርበሬያቸው ውስጥ ይገባል፣ አይታይም። "ታንፓ ትራሲ" በል። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አምድ ላይ አልከፍትም፣ ባለፈው ጊዜ ሁለት ወር ፈጀብኝ።)

"የቡና አገር ልጅ ነኝ። ከእንስሳ ኩስ የሚወጣው ቡና እውነት ነው? ልቅመሰው?" የጅማ ልጅ

እውነት ነው። ኮፒ ሉዋክ ይባላል። ሉዋክ የጥርኝ ዘመድ ነው፤ የበሰለ ቀይ ቡና ይበላል፣ ፍሬው ሳይፈጭ ይወጣል፣ ይታጠብና ይቆላል። ድሮ ገበሬው ከጫካ እየለቀመ ነበር፣ ዛሬ ግን ለቱሪስት የሚሸጠው በአብዛኛው በጠባብ ሽቦ ቤት ከታሰሩ እንስሳት ነው። በሌሊት የሚንቀሳቀስ አውሬ በጠራራ ፀሐይ ለፎቶ ሲቀሰቀስ ታየዋለህ። እኛ ለዝባድ ብለን ጥርኝን በሳጥን ስናኖር የቆየን ሕዝብ ነን፣ ስለዚህ ከላይ ሆኜ አልፈርድም። ቀምሼዋለሁ። ለስላሳ ነው፣ አሲድነቱ የለም፣ ነፍስም የለውም። የእናትህ ጀበና ሦስተኛው ከእሱ ይሻላል።

ቡና ከፈለግህ "ኪንታማኒ" የሚል ጠይቅ። ባቱር እሳተ ገሞራ አካባቢ ከፍታ ላይ የሚበቅል አረቢካ ነው፣ ጎን ለጎን ብርቱካን ስለሚተከል ይሁን አላውቅ፣ ኮምጠጥ ያለ የፍራፍሬ ጣዕም አለው። ተራው ሰው የሚጠጣው ደግሞ ኮፒ ቱብሩክ ነው፤ ዱቄቱ ብርጭቆ ውስጥ ይደረጋል፣ የፈላ ውሃ ይፈስበታል፣ አተላው እስኪዘቅጥ ትጠብቃለህ። አታማስለው። እኔ አማስዬ አፌን በአተላ ሞልቼዋለሁ፣ ባለዋሩንጓ ሳቋን መያዝ አቅቷት ወደ ጓዳ ገባች።

"ዱባይ ነው የምሠራው፣ የአምስት ቀን ፈቃድ አለኝ። ብቻዬን ሴት ነኝ፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው ያለኝ። ሞተር ተከራይቼ ልዞር አስቤያለሁ። ምን ትመክሪኛለሽ?"

መጀመሪያ ቪዛውን። የአሜሪካና የአውሮፓ ፓስፖርት የያዘ ሰው ሲደርስ በ500 ሺህ ሩፒያ የ30 ቀን ቪዛ ይመታለታል። አንቺ "ጓደኛዬ ስትደርስ ነው ያገኘችው" የሚለውን ሰምተሽ ቲኬት እንዳትቆርጪ። የኢንዶኔዥያ ኢሚግሬሽን ራሱ ያወጣውን ዝርዝር እዪና ቪዛሽን እጅሽ አስገቢ፣ ከዚያ በረራ ያዢ። ከዱባይ በቀጥታ ዴንፓሳር የሚወርድ በረራ አለ። ከቪዛው ሌላ ባሊ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ጀምሮ ከእያንዳንዱ የውጭ ጎብኚ 150 ሺህ ሩፒያ ታስከፍላለች፤ በኢንተርኔት ቀድመሽ ክፈይ።

ሞተሩን ተይው። እዚያ የሚነዳው በግራ ነው። ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ያውም ለሞተር የሚል ምልክት ያለበት፤ ያለ እሱ ከወደቅሽ ኢንሹራንስሽ አይከፍልሽም። ኡቡድ ካፌ ውስጥ ክርናቸውና ጉልበታቸው በፋሻ የተጠቀለለ ፈረንጆች ስታዪ ይገባሻል። መኪና ከነሾፌሩ ለሙሉ ቀን ብዙውን ጊዜ ከ600 እስከ 800 ሺህ ሩፒያ ነው። ለአጭር መንገድ በአፕ የሚጠራው ግራብና ጎጄክ አለ፤ አንዳንድ ሰፈር ግን የቀበሌው ሾፌሮች የአፕ መኪና ሰው እንዲያነሳ አይወዱም፣ ስለዚህ ጠብ ውስጥ ከመግባት ዋናው መንገድ ድረስ በእግርሽ ውጪ። ሾፌርሽ ዋያን ከተባለ አትገረሚ፣ ቀጣዩም ዋያን ይሆናል። የመጀመሪያ ልጅ ዋያን ወይም ፑቱ፣ ሁለተኛው ማዴ፣ ሦስተኛው ኞማን፣ አራተኛው ከቱት ነው፤ አምስተኛ ከተወለደ እንደገና ከዋያን ይጀመራል። "ብሊ" ብለሽ ጥሪው፣ ወንድምዬ እንደማለት ነው።

ስለ ብቻ መሆንሽ፣ ኡቡድ ብቻዋን የምትሄድ ሴት የሞላባት ከተማ ናት፤ ማታ ዋናው መንገድ ላይ አልፈራሁም፣ የፈራሁት የተሰበረውን የእግረኛ ንጣፍ ነው፤ ከሥሩ ቦይ አለ፣ የስልክሽን መብራት አብሪ። የተዘረፍኩት በጠራራ ፀሐይ ነው፣ ያውም በፈገግታ። ከሁሉም የተሻለ ምንዛሪ የለጠፈ አንድ ሱቅ ገባሁ። ሰውዬው በ50 ሺህ ኖት ቆጠረልኝ፣ ጠረጴዛው ላይ እየከመረ፣ ልክ ነበር። ከዚያ ብሩን ሰብስቦ በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ጠቅ ጠቅ አድርጎ አስተካክሎ ሰጠኝ። ሆቴል ስደርስ 600 ሺህ ጎድሏል። ሲያስተካክል ወደ ጭኑ አራግፎታል። ስለዚህ ኮሚሽን የለም የሚል፣ ምንዛሪው ከሌላው የሚበልጥና በትንሽ ኖት የሚቆጥር ካየሽ ውጪ። ከባንክ ቅጥር ውስጥ ካለ ኤቲኤም አውጪ። ብር ከተቀበልሽ ደግሞ መጨረሻ የቆጠርሽው አንቺ ሁኚ፣ ከዚያ በኋላ ማንም አይንካው።

በአምስት ቀንሽ ውስጥ አንዱን ከሰዓት ባዶ ተይልኝ። ካጀንግ በሚባለው መንገድ ግቢ፤ ንጣፉ ላይ ከየአገሩ የመጡ ሰዎች ስማቸውን አስቀርጸዋል፣ እያነበብሽ ትሄጂያለሽ፣ መጨረሻው ሩዝ ማሳ ነው።

"ጫት ይዤ መግባት እችላለሁ?" ድሬ

ጨርሶ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር እዚያ አገር በአደንዛዥ ዕፅ ሕግ የመጀመሪያው መደብ ውስጥ ነው፣ ቅጣቱም የዓመታት እስር ነው። ሻንጣህን እናትህ ካሰናዳችው እንኳ ራስህ ፈትሸው።

"የሰባት ዓመት ልጄ የጦጣ ጫካውን ካላየሁ ብሏል። ይነክሳሉ?"

ሊነክሱ ይችላሉ። ጫካው የፓዳንግተጋል መንደር ነው፣ ከሺህ በላይ ረጅም ጭራ ያላቸው ጦጣዎች አሉ፣ ውስጡ ቤተ መቅደሶች አሉ፣ ዛፎቹ ብቻቸውን ማየት ያረካሉ። ልጁን ይዘሽ ጠዋት እንደተከፈተ ግቢ። ምግብ፣ ፌስታል፣ መነጽር፣ የሚያብለጨልጭ ነገር ሁሉ ሻንጣ ውስጥ፣ ሻንጣውም የተዘጋ። ዓይን ዓይናቸውን አፍጦ ማየትና ጥርስ አውጥቶ መሳቅ ለእነሱ ጥል ነው፣ ይኼን ለልጁ አስቀድመሽ አስለምጅው፤ የኔ እህት ልጅ ልምምዱን ከጉብኝቱ በላይ ወዶት ነበር። ትከሻው ላይ ከወጡ አትጩኺ፣ ቀስ ብላችሁ ሂዱ፣ ራሳቸው ይወርዳሉ። ከቧጨሩት ወይም ከነከሱት በሚወርድ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቢና በዚያው ቀን ክሊኒክ ውሰጂው፣ የእብድ ውሻ ክትባት ይጠየቃል። "ትንሽ ናት" አትበይ።

"መጋቢት ላይ ርካሽ ቲኬት አገኘሁ። የሚያሳስብ ነገር አለ?" ፍራንክፈርት

ቀኑን እዪ። በፈረንጆቹ መጋቢት ወር ገደማ፣ በጨረቃ አቆጣጠራቸው መሠረት፣ ኒየፒ የሚባል አዲስ ዓመት አላቸው፣ የዝምታ ቀን ነው። ለ24 ሰዓት አየር ማረፊያው ይዘጋል። መንገድ ላይ ሰው አይወጣም፣ መብራት አይበራም፣ ሥራ የለም፣ መዝናኛ የለም፤ ቱሪስትም ከሆቴል አይወጣም፣ የመንደሩ ጠባቂዎች እየዞሩ ያያሉ። (ሌላ 210 ቀን የሚፈጅ አቆጣጠርም አላቸው፣ ጋሉንጋን የሚባለው በዓል በእሱ ነው የሚመጣው፤ ያኔ በየደጁ ጫፉ ጎንበስ ያለ ያጌጠ ረጅም ቀርከሃ ይቆማል። እኛ አሥራ ሦስት ወር ያለን ሰዎች ይኼ አይደንቀንም።)

በረራሽ በዚያ ቀን ከሆነ ቀይሪው። ካልሆነ ግን ከዋዜማው ቀድመሽ ኡቡድ ግቢና ቆዪ። በዋዜማው ማታ ወጣቱ በየሰፈሩ ለሳምንታት የሠራውን ኦጎህ ኦጎህ የሚባል አስፈሪ ግዙፍ አሻንጉሊት በቀርከሃ ተሸክሞ እየጮኸ፣ እያሽከረከረ በጎዳናው ያልፋል። ሲነጋ ሁሉም ጸጥ ይላል። ቀን ላይ ዶሮና ወፍ ብቻ ነው የሚሰማው። ሆቴሉ ምግብ ይሰጥሻል፣ መጋረጃ ይዘጋል፣ ማታ ከመስኮት ብርሃን እንዳይታይ ይለምኑሻል። ስልክሽንም አስቀድመሽ ቻርጅ አድርጊ፣ የሞባይል ኢንተርኔቱም ይቋረጣል። ከዚያ ግቢው ውስጥ ወንበር አውጪና ወደ ላይ እዪ፤ ደሴቲቱ በሙሉ ጨለማ ስለሆነች ኮከቡ ራስሽ ላይ የሚወርድ ይመስላል።